ሰው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት የሚያወጣው ይታወቅ

ይድረስ፦ ሠራተኞችን ወደ ታንክ፣ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ሳይሎና ወደ ፍሳሽ መስመር ለሚያስገቡ ድርጅቶች ኃላፊዎች፣ ለሥራ ተቋራጮች፣ እንዲሁም የሥራ ደኅንነትን ለሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ የነፍስ አድን ዝግጅቱ በቦታው ተገኝቶ ሳይታይ የመግቢያ ፈቃድ እንዳይፈረም ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ለረጅም ዓመታት የሠራሁት ሥራ፣ ሌሎች ሰዎች ታንክና ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ ደጃፉ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ከዚያም በኋላ ለእንዲህ ያለው ሥራ የመግቢያ ፈቃድ ማዘጋጀትና መፈረም ነው። በእነዚህ ዓመታት በእጄ ያለፉት የፈቃድ ወረቀቶች ቅርጻቸው ከድርጅት ድርጅት ቢለያይም የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር አላቸው። ከላይ የሥራው ዓይነት፣ የሚገባው ሰው ስም፣ የአየሩ ልኬትና የተዘጉት ቫልቮች ዝርዝር በደንብ ተሞልቶ ይገኛል፤ ከታች፣ ከፊርማው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ «ድንገተኛ አደጋ ቢደርስ» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ በእሷም ትይዩ የእሳት አደጋ መከላከያ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች መስመር ነው።

ዝግ ቦታ የምለው ሰው ገብቶ ሊሠራበት የሚችል፣ ነገር ግን መግቢያና መውጫው የጠበበና ሰው እንዲውልበት ታስቦ ያልተሠራ ማንኛውንም ቦታ ነው። የፍሳሽ ማንሆል፣ የኬሚካል ታንክ፣ የእህል ሳይሎ፣ ቦይለር፣ የመርከብ የውስጥ ክፍል፣ የሴፕቲክ ጉድጓድ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ብዙዎቹ ከውጭ ሲያዩአቸው የሚያስፈራ ነገር የላቸውም፤ እንዲያውም ትናንት ገብቶ በሰላም የወጣ ሰው ዛሬም እንዲሁ እንደሚወጣ አድርጎ ያስባል።

ገና ጀማሪ ተጠባባቂ ሳለሁ የሆነውን ላስቀድም። ቦታው ለወራት ተዘግቶ የቆየ የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር አይበልጥም። ጠዋት ክዳኑ ተነሥቶ ጥቂት እንዲናፈስ ተደረገ፣ አየሩ ግን አልተለካም፤ መለኪያው ሌላ ሥራ ላይ ነው ተባለ። ወጣቱ ሠራተኛ በመሰላሉ ወረደ። ታች ለመድረስ ሁለት ወይም ሦስት መርገጫ ሲቀረው እጁ መሰላሉን ለቀቀ። አልጮኸም፣ አልተጣራም፤ የተሰማኝ ሰውነቱ ዝቃጩን ሲመታው ብቻ ነው። አጠገቤ የነበሩት በዕድሜ የገፉ በያጅ ጓንታቸውን ጥለው ወደ መሰላሉ ሄዱ። ቱታቸውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ፤ «ልጄ እኮ ነው፣ ልቀቀኝ» አሉኝ። ልጃቸው አልነበረም፤ አንድ ፈረቃ አብረው የሚሠሩ ባልደረቦች ነበሩ። የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ተመንጭቆ ወጣ። እሳቸውም ከወጣቱ የተሻለ አልቆዩም። በእጄ የነበረው ሬዲዮና ስልክ ብቻ ነው፤ ደወልኩ፣ ሰው ተጣራሁ፣ ከዚያም ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ ሁለቱን ቁልቁል እያየሁ ቆየሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ 20 ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር። የመጡት በፍጥነት ነው፣ ሥራቸውንም በሚገባ ሠርተዋል፤ ያወጡት ግን ሁለት አስከሬን ነው።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ላይ፣ አዛውንቱ በያጅ ደንብ ጥሰው ስለገቡ ለሞታቸው ራሳቸው ተጠያቂ እንደሆኑ ተነገረ። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ግን ዝም አልልም። ያን ቀን ማንም የነፍስ አድን ዕቅድ ስላላወጣ ዕቅዱ እሳቸው ሆኑ። አንድ ሰው ዓይናችን እያየ ሲወድቅ የሚያወጣው ካልተዘጋጀ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ርኅራኄ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ይህን በማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ሆነ በዲሲፕሊን ቅጣት ማስቀረት አይቻልም። የአሜሪካው ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ ላይ በዝግ ቦታ ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ እንደሆኑ አመልክቶ ነበር። ይህ ቁጥር በብዙ ሥልጠናዎች ላይ ይጠቀሳል፤ ሲጠቀስ የምሰማው ግን የሠራተኛውን ጥንቃቄ ማነስ ለማሳየት ነው። እኔ የማነብበው በሌላ መንገድ ነው፦ ከአሥሩ ስድስቱ የሞቱት፣ የተዘጋጀ አዳኝ ባለመኖሩ ያልተዘጋጀ አዳኝ ስለሆኑ ነው።

ደፋርና ጠንካራ ሰው እንኳ እዚያ ውስጥ የማይተርፈው ለምን እንደሆነ የማያውቅ ኃላፊ ዕቅዱን አቅልሎ ሊያየው ስለሚችል፣ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ከ19.5 በመቶ ሲያንስ ቦታው አደገኛ ተብሎ ይመደባል፤ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሰው ራሱን ይስታል፤ ከ6 በመቶ በታች በሆነ አየር ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ በሴኮንዶች ውስጥ ይወድቃል። ኦክስጅኑን የሚበላው ነገር ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር የማይቆጠር ነው። የታንኩ ግድግዳ ሲዝግ ኦክስጅን ይበላል፣ እርጥብ እህልና እንጨት ይበላሉ፣ የበሰበሰ ዝቃጭ ይበላል፤ ሰው ራሱ እሳት እንዳይነሣ ብሎ የሚነፋው ናይትሮጅንና ለብየዳ የሚለቀቀው አርጎንም አየሩን ገፍተው ያስወጡታል። ከሁሉ የከፋው ሰውነታችን ይህን የሚያስጠነቅቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። «ታፈንኩ» የሚለው ስሜት በዋናነት የሚመጣው በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ እንጂ ኦክስጅን ሲያንስ አይደለም፤ ስለዚህ ናይትሮጅን በሞላበት ታንክ ውስጥ ያለ ሰው እንደ ወትሮው እየተነፈሰ፣ ምንም ሳይጨነቅ፣ ጉልበቱ ይከዳዋል።

የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነገርም ከዚህ አይሻልም። በፍሳሽና በበሰበሰ ነገር ውስጥ የሚፈጠረው ይህ ጋዝ በትንሹ ሲኖር እንደ ገማ እንቁላል ስለሚሸት ሠራተኞች «ከሸተተን እንወጣለን» ይላሉ። ነገር ግን መጠኑ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የተደሰተ ሰው ጋዙ በርትቶበት ይሆናል። ከሚሊዮን ከ700 እስከ 1,000 እጅ ሲሆን ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ሰውን ይጥላል። ከአየር ስለሚከብድም ከታች ይተኛል፤ ያ ወጣት እላይ ደኅና ሆኖ እታች ሲደርስ እጁ የከዳው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊያድን የሚወርደው ሰው ደግሞ ሮጦ፣ ደንግጦ፣ በኃይል እየተነፈሰ ነው የሚገባው፤ ከፊተኛው በበለጠ ፍጥነት መርዙን ይስባል ማለት ነው።

የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት መርማሪ ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት ከናይትሮጅን ጋር የተያያዙ 85 አደጋዎችን መዝግቦ 80 ሰዎች እንደሞቱባቸው አሳውቋል። ቦርዱ ይህን ካሳወቀ በኋላ፣ በኖቬምበር 2005፣ በዚያው አገር በዴላዌር ግዛት በሚገኝ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ናይትሮጅን በሚነፋበት ሪአክተር (ኬሚካል የሚዋሃድበት ትልቅ ታንክ) አፍ ላይ ይሠሩ ከነበሩ ሁለት የተቋራጭ ሠራተኞች አንዱ ውስጥ ገብቶ ወደቀ፤ ውስጥ የቀረ የፕላስተር ጥቅል ለማውጣት ሲሞክር ሳይሆን አይቀርም። ባልደረባው መሰላል አስገብቶ ሊያወጣው ወረደ፤ ሁለቱም እዚያው ሞቱ። አገሩ ሌላ ነው፣ ድርጅቱም ብዙ ሀብትና ብዙ ደንብ ያለው ነው፤ የሆነው ግን እኔ ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ ካየሁት የተለየ አይደለም።

አሁን ወደዚያች የስልክ ቁጥር ልመለስ። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ከዚህ ላይ ተነሥታችሁ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ የሚያልፈውን ጊዜ እባካችሁ በወረቀት አስሉት። ተጠባባቂው ሰውየው መውደቁን እስኪረዳ፣ ደውሎ ቦታውን እስኪያስረዳ፣ መኪናው መንገዱን እስኪጨርስ፣ የግቢው ጥበቃ በር እስኪከፍት፣ አንድ ሰው «ወደዚህ ነው» ብሎ እስኪመራ፣ የመጡት ሰዎች ውስጡ ምን ጋዝ እንዳለ ጠይቀው፣ ለክተው፣ መተንፈሻቸውን ለብሰው፣ ገመዳቸውን አሥረው እስኪወርዱ ድረስ ያለው ሁሉ ይደመር። በከተማ መሐል እንኳ ይህ ድምር ከ6 ደቂቃ ሲያንስ አላየሁም። ሁሉም የእሳት አደጋ ጣቢያ ከዝግ ቦታ ሰው የማውጣት ሥልጠናና መሣሪያ ያለው አለመሆኑንም ጨምሩበት። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ እነሱን መጥራትም ግድ ነው። ሆኖም ዕቅዱ በሙሉ እነሱ ከሆኑ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ደግሞም እነሱን በዕቅዳችሁ ውስጥ ካስገባችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መጥተው ቦታውን ይዩት፣ የመግቢያውን ስፋት ይለኩ፣ ውስጡ ያለውን ነገር ይወቁ፣ በዚያ ቀንና ሰዓት ሌላ ጥሪ ላይ ቢሆኑ ለናንተ የሚነግሩበት መንገድ ይኑር። ሌላ ጥሪ ላይ ከሆኑ ሥራው ይቆይ።

እውነተኛ ዕቅድ የሚጀምረው ሰው ሳይገባ ሥራው መሠራት አይችልም ወይ ከሚለው ጥያቄ ነው። ዝቃጩን ከላይ በፓምፕ መምጠጥ፣ ግድግዳውን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ከውጭ ማጠብ፣ ስንጥቁን በካሜራ ማየት የሚቻል ከሆነ የነፍስ አድን ጥያቄው በዚያው ያበቃል። የብሪታኒያ የዝግ ቦታዎች ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ከውጭ መሥራት እየተቻለ መግባትን የከለከለው፣ መግባት ግድ ሲሆን ደግሞ በቂ የነፍስ አድን ዝግጅት አስቀድሞ ካልተደረገ ማንም እንዳይገባ የደነገገው በዚህ ምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉት፤ ዝግጅቱ የመግባት ቅድመ ሁኔታ ነው።

መግባት ግድ ከሆነ የመጀመሪያው አዳኝ የሚገባው ሰው ራሱ ነው። የጋዝ መለኪያው አንገቱ ሥር በርቶ አብሮት መውረድ አለበት፤ ሲጮህ ዕቃውን ጥሎ ለመውጣት መፈቀድ ብቻ ሳይሆን መታዘዝ አለበት። መሣሪያ ለማትረፍ ሲል የዘገየ ሰው አውቃለሁ፤ መሣሪያው ቢጠፋ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ስለተነገረው ነው የዘገየው። እንዲህ ያለ የንብረት ደንብ ያለው ድርጅት፣ ሳያውቀው፣ የነፍስ አድን ዕቅዱን በገዛ እጁ አፍርሶታል።

ራሱ መውጣት ካልቻለ ቀጣዩ መንገድ ማንም ሳይገባ ከውጭ ጎትቶ ማውጣት ነው፤ ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁም ይህንን ነው። የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፦ ሙሉ ሰውነትን የሚይዝ የማሰሪያ ቀበቶ (ሃርነስ)፣ ከሃርነሱ ጋር የተያያዘ ገመድ፣ ከመግቢያው በላይ የሚቆም ባለሦስት እግር ትራይፖድና በእጅ እየዞረ ገመዱን የሚጠቀልል ማንሻ (ዊንች)። ይህ ከተዘጋጀ የወደቀውን ሰው ከ4 ሜትር ጉድጓድ በአንድ ሰው ጉልበት ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማውጣት ይቻላል፤ ሠርቼ አይቼዋለሁ። የአሜሪካው የዝግ ቦታ መግቢያ ፈቃድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ወደ ታች ከ5 ጫማ፣ ማለትም ከ1.5 ሜትር በላይ ለሚጠልቅ ቦታ እንዲህ ያለ ማንሻ መሣሪያ እንዲኖር ያዘዘው፣ ራሱን የሳተ ሰው በእጅ ተጎትቶ ስለማይወጣ ነው። ያልሞከረ ሰው ይህን አያምንም። 75 ኪሎ የሚመዝን፣ የላላ፣ የረጠበ፣ የሚይዙት ቦታ የሌለው ሰውነት ሁለት ጠንካራ ሰዎች በገመድ ቢስቡት እንኳ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ተወትፎ ይቀራል።

ገመዱ የሚያያዝበት ቦታም ሕይወት ይወስናል። በጀርባ በኩል፣ በትከሻዎች መካከል ባለው ቀለበት ላይ ሲያያዝ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ፣ ትከሻው ጠብቦ ይወጣል፤ ወገብ ላይ ከታሰረ ግን ሰውነቱ ለሁለት ታጥፎ የመግቢያውን አፍ እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ሌላው በየሥራ ቦታው የማየው ነገር፣ ሃርነሱን በሚገባ ለብሶ ገመዱ ከምንም ጋር ያልተያያዘ ሠራተኛ ነው። «ሲያስፈልግ ይታሰራል» ይባላል። ሲያስፈልግ ሰውየው ታች ወድቋል፤ ለማሰር መውረድ ሊኖርብን ነው። ገመዱ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ የታሰረ፣ ሌላው ጫፉም ከዊንቹ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት።

በእርግጥ ገመድ የማይሠራበት ቦታ አለ። ቧንቧው ወደ ጎን ከታጠፈ፣ ውስጡ በመከፋፈያና በማማሰያ ክንፍ የተሞላ ከሆነ ገመዱ ራሱ ሰውየውን ሊያንቀው ወይም ሊያጠምደው ይችላል። በእህል ሳይሎ ውስጥ እስከ ወገቡ የተዋጠን ሰውም በዊንች እጎትታለሁ ማለት ሰውነቱን መጉዳት ነው፤ እህሉ ዙሪያውን ጨምቆ ስለሚይዘው መጀመሪያ በሰሌዳ ከልሎ በዙሪያው ያለውን እህል ማውጣት፣ የማራገፊያውን ሞተር ማቆምና መቆለፍ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሳይሎውን ጎን ቀዶ እህሉን ማፍሰስ ይጠይቃል። እንዲህ ባሉት ቦታዎች የሠለጠነ ቡድን መግባት አለበት። ቡድኑ የሚይዘው መተንፈሻ አየሩን ከሲሊንደር ወይም ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ሊሆን ይገባል፤ በማጣሪያ የሚሠራ ማስክ ኦክስጅን አይፈጥርም፣ ኦክስጅን በሌለበት ቦታ የለበሰው ሰው እንዳልለበሰ ነው የሚሞተው። ደግሞ ሲሊንደሩን በጀርባው ያዘለ ሰው በመግቢያው ያልፋል ወይ? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን በ50 ሴንቲ ሜትር ማንሆል ላይ ጠየቅኩ፤ የተሰጠኝ መልስ «ያልፋል» የሚል ነበር፤ ሲሞከር አላለፈም። ያን ቀን ሥራው እንዲቆም የተደረገው ጥያቄው ከአደጋው በፊት ስለተጠየቀ ብቻ ነው።

ስለ ልምምድ በሰፊው ልናገር፤ ምክንያቱም ዕቅድ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት ኃላፊነት ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያደረግሁት አንድ አሮጌ ቱታ በአሸዋ ከረጢት መሙላት ነበር። እጅና እግሩን አሰርን፣ ሃርነስ አለበስነው፣ አንድ ጎልማሳ ሰው የሚያህል ክብደት ሰጠነውና ባዶና ንጹሕ በሆነ ታንክ ውስጥ አስቀመጥነው። ለቡድኑ «ሰው ወድቋል» ብዬ ሰዓቴን ያዝኩ። ትራይፖዱ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለሌላ ጉዳይ ወጥቷል። ቁልፉ ሲገኝ ትራይፖዱ ከመግቢያው በላይ አልቆም አለ፤ አንደኛው እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ የመከላከያ ሐዲድ ተበይዷል። ሐዲዱን አልፈን በሰያፍ ስናቆመው የዊንቹ ገመድ በጠርዙ ብረት ላይ ይታሽ ጀመር። ቱታው ወደ ላይ መጥቶ አፉ ላይ ሲደርስ ክንዱ ተዘርግቶ ስለነበር ተሰካ፤ አንድ ልጅ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ሊያስተካክለው ጭንቅላቱን አስገባ። «አንተም ሞተሃል» አልኩት፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ቱታውን ያወጣነው በ31ኛው ደቂቃ ነው።

ያ ቡድን ሰነፍ አልነበረም። የጽሑፍ ዕቅድ ነበረው፣ ዕቃው ሁሉ ተገዝቷል፣ ሥልጠናውን ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ከዚያ ቀን በኋላ ሐዲዱ ተነቃይ ሆኖ ተሠራ፣ ትራይፖዱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቆሞ እንዲያድር ተወሰነ፣ የወደቀው ሰው ክንድ ከሰውነቱ ጋር እንዲጠጋ የሚያደርግ ማሰሪያ ተጨመረ። በአራተኛው ልምምድ 3 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ፈጀብን። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ደንብ የድርጅቱ የራሱ የነፍስ አድን ቡድን ቢያንስ በየ12 ወሩ ከእውነተኛው ቦታ ወይም ከሚመስለው ቦታ ሰው ወይም ሰው መሰል አሻንጉሊት አውጥቶ እንዲለማመድ ያስገድዳል። በእኔ አስተያየት 12 ወር ረጅም ነው፤ ሠራተኛ ይለዋወጣል፣ እጅ ይረሳል፣ ዊንች ይዝጋል። ቢያንስ ቦታው በተለወጠ ቁጥር መለማመድ ይገባል።

ስለ ተጠባባቂውም ልመስክር፤ ሥራዬ ስለነበር። በብዙ ቦታ ደጃፉ ላይ የሚቆመው ሰው ከሁሉ አዲስ የሆነው፣ ሌላ ሥራ ያልተገኘለት ሰው ነው። ቁጭ ብሎ የሚውል ስለሚመስል ፎርማኑ ሲያልፍ «እስኪ ያቺን ቁልፍ አቀብለኝ፣ እስኪ እዚያ ድረስ ደርሰህ ና» ይለዋል። ይህ ሰው ግን የዕቅዱ ቁልፍ ነው። ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በስም ማወቅ፣ በየደቂቃው መነጋገር፣ የመለኪያውን ቁጥር ማየት፣ ንግግር ሲንተባተብ ወይም መልስ ሲዘገይ ጊዜ ሳያጠፋ ማስወጣት የእሱ ሥራ ነው። ከደጃፉ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ተተኪ ካልመጣለትና ለመግባት ካልሠለጠነ ምንም ነገር ቢያይ መግባት የለበትም። ይህን የመጨረሻ ትእዛዝ ልትሰጡት የምትችሉት ግን በእጁ ላይ ዊንች ከሰጣችሁት ብቻ ነው። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ሳይኖር «ቆመህ ተመልከት» ማለት ሰውን ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው፤ የእጄ መዳፍ እስከ ዛሬ ያንን ቱታ ያስታውሰዋል።

ሥራው በተቋራጭ ሲሆን ደግሞ ሌላ ክፍተት ይፈጠራል። የቦታው ባለቤት «ሠራተኛው የእነሱ ነው» ይላል፤ ተቋራጩ «ቦታው የእነሱ ነው፣ ነፍስ አድን ይኖራቸዋል» ብሎ ይገምታል፤ በመሐል አንድ ሰው ይወርዳል። ባለቤቱ በታንኩ ውስጥ ምን እንደነበር በጽሑፍ መስጠት፣ ተቋራጩም አዳኙ ማን እንደሆነ በጽሑፍ መመለስ አለበት፤ ውሉ ሲፈረም የነፍስ አድን ዝግጅቱ ራሱን የቻለ ዋጋ ተይዞለት ሊታይ ይገባል። ዋጋ ያልተያዘለት ነገር በጨረታ ውድድር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ትራይፖድ የሌለው ድርጅት ያሸንፋል።

ትንንሽ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ጉድጓድ የሚያጸዱ፣ ይህ ሁሉ ለትልልቅ ፋብሪካ ነው ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ችግራቸው ይገባኛል፤ መሣሪያው ለእነሱ ውድ ነው። ነገር ግን ጋዙ የድርጅቱን ካፒታል አይቶ አያዳላም። መለኪያ፣ ማናፈሻና ማውጫ ተከራይቶ ወይም ተጋርቶ ማግኘት ካልተቻለ መልሱ አለመግባት ነው፤ አሠሪውም ይህን ማወቅና መቀበል አለበት። ባልተለካ ጉድጓድ ውስጥ ሰው እንዲወርድ በዋጋ የሚደራደር ደንበኛም ከኃላፊነቱ አያመልጥም።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ያለውንም አትርሱ። ከወጣ በኋላ ትንፋሽ የሚሰጥና ደረት የሚጫን የሠለጠነ ሰው እዚያው መኖር አለበት፤ ምን እንደተነፈሰ የሚገልጸው ወረቀትም ከእሱ ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ። ሐኪሙ የማያውቀውን መርዝ በግምት ማከም የለበትም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ «አየር እንዲያገኝ» ብሎ ከብየዳ ሲሊንደር ንጹሕ ኦክስጅን ወደ ታንክ የሚለቅ ሰው አይቻለሁ፤ ኦክስጅን ከ23.5 በመቶ ሲያልፍ ቱታና ፀጉር በብልጭታ ስለሚነዱ ይህ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

የተከበራችሁ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ከናንተ የምጠይቀው በምርመራ ቀን ፋይል ከመመልከት አንድ እርምጃ አልፋችሁ እንድትሄዱ ነው። ዕቅዱን አስቀምጡትና «ሰው ወድቋል፣ አውጡት» በሉ፤ ሰዓት ያዙ። ትራይፖዱ ከየት እንደሚመጣ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ገመዱ ታስሮ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ያላወጣ ድርጅት እስኪያወጣ ድረስ ማንንም እንዳያስገባ እዘዙ። በአደጋ ምርመራም ጊዜ፣ ሊያድን ገብቶ የሞተውን ሰው ጥፋት ከመጻፋችሁ በፊት፣ እሱ በገባበት ሰዓት ሊገባ የነበረበት የሠለጠነ አዳኝ የት እንደነበረ ጠይቃችሁ ጻፉ።

አሠሪዎችና ተቋራጮችም ነገ ጠዋት የፈቃድ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ ያችን የታችኛዋን መስመር እንድትቀይሯት እጠይቃለሁ። በስልክ ቁጥሩ ፋንታ፣ ወይም ከሱ በላይ፣ ይህ ይጻፍ፦ የሚያወጣው ሰው ስም፣ የሚያወጣበት መሣሪያ፣ መሣሪያው በዚህ ሰዓት የቆመበት ቦታ፣ ባለፈው ልምምድ የፈጀው ደቂቃ። አራቱም ተሞልተው፣ ስሙ የተጻፈው ሰውም ራሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይፈርምበት። እኔ በምፈርምባቸው ወረቀቶች ላይ ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሥራ የዘገየባቸው ቀኖች ነበሩ፣ የተቆጡኝ ኃላፊዎችም ነበሩ፤ ስሞቹ ባልተጻፉበት ወረቀት ላይ ግን እስከ ዛሬ አልፈረምኩም።

ከአክብሮት ጋር፣

የዝግ ቦታ መግቢያ ፈቃድ ፈራሚ፣ ቀድሞ የደጃፍ ተጠባባቂ